ፕሮሰሰሩን ልቀይረው ወይስ ይቅርብኝ?

ሰላም ለሁላችሁም። ጊዜያችሁን ሰጥታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ።

ኮምፒውተር አካባቢ የሚሠራ ሰው ከዘመድም ከጎረቤትም ደጋግሞ የሚጠየቀው አንድ ጥያቄ አለ። "ኮምፒውተሬ ተንቀራፈፈብኝ፣ አይ 5 ነው፣ አይ 7 ባስደርገው ይፈጥንልኛል?" የሚል። አይ 5 እና አይ 7 የኢንቴል ፕሮሰሰሮች፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ስሌቱን የሚሠራበት ዋና ክፍል (ሲፒዩ) መጠሪያዎች ናቸው። ጠያቂው "አዎ" ወይም "አይ" እንዲባል ነው የሚፈልገው። እኔ ግን ሁልጊዜ መልሼ የምጠይቀው፣ ምን ስትሠራ ነው የሚያዘገይህ ብዬ ነው። አንተ ስክሪኑ ላይ አፍጥጠህ ስትጠብቅ፣ ኮምፒውተሩ ራሱ ምን እየጠበቀ ነው?

የዛሬው ንግግሬ ከዚህ ጥያቄ ብዙም አይርቅም። አዲስ ፕሮሰሰር ከአሮጌው ይፈጥናል፤ እሱ አያከራክርም። የሚያከራክረው፣ እናንተን የሚያስጠብቃችሁ ፕሮሰሰሩ ነው ወይ የሚለው ነው። ካልሆነ፣ ቧንቧው ጠቦ ሳለ ሮቶውን በትልቅ እንደመቀየር ነው፣ ብሩ ይወጣል፣ ውሃው ያው ነው። ፕሮሰሰሩ ከሆነ ደግሞ በቀን ስንት ደቂቃ እንደሚመልስላችሁ አስቀድማችሁ መገመት ትችላላችሁ፣ ለዚያም የስልካችሁ ሰዓት ይበቃል።

ሁለት ነገር ላስቀድም። ዓመቶቹን የምጠራው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፣ ዕቃዎቹ የሚታወቁት በዚያ ስለሆነ። ዋጋ ደግሞ በብር አልጠራላችሁም። በ2024 ጁላይ ላይ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ዛሬ የምነግራችሁ ዋጋ ነገ ሱቅ ስትሄዱ ላይገኝ ይችላል። ስሌቱን ግን ይዛችሁ መሄድ ትችላላችሁ።

እንግዲህ ብዙዎቻችን ቤትና ቢሮ ካለው ማሽን እንጀምር። ከውጭ ቢሮዎች ወጥተው እዚህ "ስላይትሊ ዩዝድ" ተብለው የሚሸጡት ዴል ኦፕቲፕሌክስና ኤችፒ ኤሊትዴስክ ማለቴ ነው። ኦፕቲፕሌክስ 3020፣ 9020፣ ኤሊትዴስክ 800 ጂ 1፣ እነዚህ ሁሉ አራተኛ ትውልድ ኢንቴል የሚይዙ ናቸው። ውስጣቸው ብዙ ጊዜ አይ 5-4570 ወይም አይ 5-4590 ይገኛል፤ አራት ኮር (ለየብቻ መሥራት የሚችሉ አራት የስሌት ክፍሎች)፣ ጥሩ ሲሠራ እስከ 3.6 ወይም 3.7 ጊጋኸርዝ የሚሄድ። ራሙ (የተከፈቱ ፕሮግራሞች የሚቀመጡበት ጊዜያዊ ማህደር) 4 ወይም 8 ጊጋ፣ ሀርድ ዲስኩ የሚሽከረከረው ዓይነት 500 ጊጋ። ጠንካራ ማሽኖች ናቸው፣ እውነቴን ነው፣ የብረት ሥራቸውን ራሱ ስታዩት ታከብሩታላችሁ።

ይሄን ማሽን አብሩት። ዊንዶውስ ከገባ በኋላ ክሮምን ክፈቱና እየተንቀራፈፈ ሳለ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ። ታስክ ማናጀር ይመጣል። "ፐርፎርማንስ" የሚለውን ክፈቱና በግራ በኩል ያሉትን መስመሮች እዩ። ሲፒዩ 15 ወይም 20 በመቶ ላይ እየዋዠቀ፣ ዲስክ ግን 100 በመቶ ላይ ሙጭጭ ብሎ ታገኙታላችሁ። ፕሮሰሰሩ ሥራ ፈቶ ዲስኩን እየጠበቀ ነው ማለት ነው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። የሚሽከረከር ሀርድ ዲስክ አንድ የተበታተነ ፋይል ለማግኘት መርፌው ወደ ቦታው እስኪሄድና ሳህኑ እስኪዞርለት ድረስ በአማካይ 10 ሚሊ ሰከንድ አካባቢ ይፈጅበታል። ዊንዶውስ ሲነሳ የሚያነበው በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ትናንሽ ፋይሎችን ነው። ኤስኤስዲ፣ ማለትም የሚሽከረከር ነገር የሌለው ማከማቻ፣ ይሄንኑ ፍለጋ ከሚሊ ሰከንድ አንድ አሥረኛ ባልበለጠ ጊዜ ይጨርሰዋል። መቶ እጥፍ ልዩነት ነው የምነግራችሁ። በሁለት ፕሮሰሰሮች መካከል፣ ያውም በተከታታይ ትውልዶች፣ እንዲህ ያለ ልዩነት የትም አታገኙም። ስለዚህ ሀርድ ዲስክ ላይ እየሠራችሁ ፕሮሰሰር ስለመቀየር የምታስቡ ካላችሁ፣ ሐሳባችሁን ለጊዜው አቁሙና ትንሽዬም ብትሆን 256 ጊጋ ኤስኤስዲ ግዙ፣ ዊንዶውሱን እሷ ላይ ጫኑት፣ አሮጌውን ዲስክ ለፊልምና ለፎቶ ማስቀመጫ ተዉት። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ጥያቄው ያበቃለታል።

ራሙም እንደዚሁ ነው። "ሜሞሪ" የሚለው መስመር 90 በመቶ ላይ ከሆነ፣ ዊንዶውስ የተረፈውን ወደ ዲስክ እያወጣ እየመለሰ ነው። 4 ጊጋ ላይ ክሮምና ኤክሴል አንድ ላይ መክፈት ዛሬ ጭንቅ ነው። ስትጨምሩ ደግሞ የሚቻል ከሆነ አንድ ትልቅ ከማድረግ ይልቅ ሁለት እኩል የሆኑ ራሞችን በትክክለኛዎቹ ቀዳዳዎች ላይ ሰኩ። ማሽኑ በሁለት መስመር ያነባል። በተለይ ግራፊክስ ካርድ የሌላችሁ ልዩነቱን በዓይናችሁ ታዩታላችሁ፣ ምክንያቱም በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ግራፊክስ የሚጠቀመው ያንኑ ራም ነው።

ሌላው ሳይከፈልበት የሚታይ ነገር ሙቀት ነው። የአዲስ አበባን አቧራ ታውቁታላችሁ። ለዓመታት ያልተከፈተ ኬዝ ውስጥ ፋኑና ብረቱ መካከል እንደ ብርድ ልብስ የተነጠፈ አቧራ አለ። ከፕሮሰሰሩ ወደ ማቀዝቀዣው ብረት ሙቀት የሚያስተላልፈው ቴርማል ፔስትም ደርቆ እንደ ኖራ ይሰነጣጠቃል። ፕሮሰሰሩ 100 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ እንዳይቃጠል ብሎ ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ 3.6 ጊጋኸርዝ ሊሄድ የሚችለው በግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል ማለት ነው። ኤችደብሊው ኢንፎ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም አውርዱና ከባድ ሥራ እያሠራችሁት ሙቀቱንና ፍጥነቱን ጎን ለጎን እዩ። ሙቀቱ ጣሪያ ላይ፣ ፍጥነቱ ደግሞ እየወረደ ከሆነ፣ ብሩሽና ፔስት እንጂ ሌላ ፕሮሰሰር አይደለም የሚያስፈልጋችሁ።

እሺ፣ ኤስኤስዲውም አለ፣ ራሙም በቂ ነው፣ ሙቀቱም ደህና ነው እንበል። አሁንም ይዘገያል። አሁን ወደ ፕሮሰሰሩ እንምጣ።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው ታስክ ማናጀርን ሲያነብ የሚሳሳትበት ነገር አለና ቀስ ብለን እንየው። ሥራው እየተንፏቀቀ ነው፣ ሲፒዩ ግን 25 በመቶ ይላል። "አሃ፣ ፕሮሰሰሩ አልተጨናነቀም፣ ሦስት አራተኛው ባዶ ነው" ይባላል። አይደለም። አራት ኮር ባለው አይ 5 ላይ አንዱ ኮር ሙሉ በሙሉ ሲጨናነቅ ጠቅላላው የሚነበበው 25 በመቶ ተብሎ ነው። ስምንት ትሬድ (ኮሩ በአንድ ጊዜ የሚያስኬደው የሥራ መስመር) ባለው አይ 7 ላይ ያው ጭንቀት 12 ወይም 13 በመቶ ሆኖ ይታያል። ግራፉን በቀኝ ተጫኑና ለእያንዳንዱ ትሬድ ተለይቶ እንዲያሳያችሁ ማድረግ ትችላላችሁ፤ ግን እሱም አንዳንዴ ያደናግራል፣ ዊንዶውስ አንዱን ሥራ ከኮር ወደ ኮር እያዘዋወረ ስለሚያሠራው አራቱም በመጠኑ የተያዙ ይመስላሉ። እኔ የማየው ምልክት ይሄ ነው፦ ጠቅላላው ቁጥር 25 ላይ ደርሶ ከዚያ ሳይወጣም ሳይወርድም ቀጥ ብሎ ከቆመ፣ ፕሮግራሙ በአንድ ኮር ብቻ ነው የሚሄደው፣ ያ ኮር ደግሞ አልቻለም።

ይሄን ማወቅ ምን ይጠቅማል? ምን ዓይነት ፕሮሰሰር እንደሚያስፈልጋችሁ ይነግራችኋላ። በአንድ ኮር ለሚሄድ ፕሮግራም ተጨማሪ ኮር መግዛት ምንም አይጨምርለትም፤ የሚጠቅመው የእያንዳንዱ ኮር ጉልበት ነው። አውቶካድ ላይ የምትስሉ ሰዎች፣ አብዛኛው ሥራችሁ አንድ ኮር ላይ ነው የሚያርፈው። ሬቪት ላይ ሞዴል ስታንቀሳቅሱም በአብዛኛው እንደዚያው። በተቃራኒው ስሪዲ ማክስ ላይ በቪ-ሬይ ስትሬንደሩ (ሞዴሉን ወደ ምስል ስታስቀይሩ)፣ ወይም ብሌንደርን በፕሮሰሰር ስታስሬንደሩት፣ ያለው ኮር ሁሉ 100 በመቶ ይነድዳል፤ እዚያ ኮር በጨመረ ቁጥር ጊዜው ያጥራል። የሕንፃ ሞዴልን ወደ ምስልና ቪዲዮ የሚቀይረው ሉሚየን ደግሞ የግራፊክስ ካርድ ሥራ ነው፣ ፕሮሰሰር ብትቀይሩለት ብዙም አይሰማችሁም። ፒችትሪ ላይ የምትሠሩ የሒሳብ ሰዎች ፋይሉ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ በኔትወርክ የምትከፍቱት ከሆነ፣ የሚያስጠብቃችሁ ብዙ ጊዜ ኔትወርኩና ፋይሉ ያለበት ማሽን ዲስክ ነው። የራሳችሁን ፕሮሰሰር መቀየር እዚያ ጋ አይደርስም።

አሁን ያንን የመጀመሪያውን ጥያቄ እንመልሰው፤ አይ 5-4590ን አውጥቼ አይ 7-4790 ባስገባስ? ሶኬቱ (ፕሮሰሰሩ በዋናው ሰሌዳ፣ በማዘርቦርዱ፣ ላይ የሚሰካበት ቦታ) አንድ ነው፣ ይገባል። የ4590 ከፍተኛ ፍጥነት 3.7፣ የ4790 ደግሞ 4.0 ጊጋኸርዝ ነው። ትውልዱ አንድ ስለሆነ የኮሩ አሠራር ያው ነው። ስለዚህ አውቶካድ ላይ የምታገኙት 8 በመቶ ገደማ ነው። 10 ደቂቃ የሚፈጀው ሥራ 9 ደቂቃ ከምናምን ይሆናል። ይሄ አይሰማም። ሬንደር ላይ ግን አይ 7ቱ አራት ኮር ስምንት ትሬድ ስለሆነ የተሻለ ጥቅም አለው፣ ቢሆንም እጥፍ አይሆንም፤ ተጨማሪዎቹ ትሬዶች የራሳቸው ኮር የላቸውም፣ የነበሩትን አራት ኮሮች ክፍተት ነው የሚሞሉት።

"አይ 7" የሚለው ስም ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። ቀጥሎ ያለውን ቁጥር አንብቡ። አይ 7-2600 ሁለተኛ ትውልድ ነው፣ በ2011 የወጣ። አይ 3-12100 አሥራ ሁለተኛ ትውልድ ነው፣ በ2022 የወጣ። ሁለቱም አራት ኮር ስምንት ትሬድ አላቸው። አይ 3 ተብሎ የተናቀው ግን አይ 7ቱን ጥሎት ይሄዳል፣ ኤሌክትሪክም የሚወስደው ባነሰ ነው። ሱቅ ገብታችሁ "አይ 7 ነው" ስትባሉ "ስንተኛ ትውልድ?" በሉ። ኬዙ ላይ የተለጠፈውን ስቲከር አትመኑ፣ ስቲከር ለብቻው ይሸጣል። ዊንዶውስ ውስጥ የሚጻፈው የፕሮሰሰር ስም እንኳ በሬጂስትሪ ሊቀየር ይችላል። ማሽኑን አስነስታችሁ ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም) ውስጥ ግቡና እዚያ የተጻፈውን እዩ፣ ወይም ሲፒዩ-ዚ የሚባለውን ፕሮግራም በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱና ክፈቱ። የሚያፍር ሻጭ ካለ፣ እሱ ራሱ መልስ ነው።

ወደ ስሌቱ እንሂድ፣ ይሄ ነው የንግግሬ ዋና ነገር።

ጂን አምዳል የሚባል የአይቢኤም መሐንዲስ ነበር፣ በ1967 ያነሳው ሐሳብ እስከ ዛሬ ይሠራል። የአንድ ሥራ ከፊሉን ብቻ ብታፈጥነው፣ ያላፈጠንከው ክፍል ወሰን ይሆንብሃል ነው ነገሩ። እንበልና አንድ ሪፖርት ለማውጣት 10 ደቂቃ ይፈጅባችኋል። 4ቱ ደቂቃ ፋይል ከኔትወርክ ማምጣት ነው፣ 6ቱ ደቂቃ የፕሮሰሰር ሥራ። እጥፍ የሚፈጥን ፕሮሰሰር ገዛችሁ። 6ቱ ወደ 3 ወረደ፣ 4ቱ ግን አልተነካም። 7 ደቂቃ። እጥፍ ከፍላችሁ 30 በመቶ አተረፋችሁ። አሥር እጥፍ የሚፈጥን ብታመጡስ? 4 ደቂቃ ከ36 ሰከንድ። የዓለምን ሀብት ብታፈሱበት ከ4 ደቂቃ በታች አይወርድም። ያንን 4 ደቂቃ ለማሳጠር ደግሞ ምናልባት የሚያስፈልገው አንድ ጥሩ የኔትወርክ ገመድ ነው።

ስለዚህ አንድ ሳምንት ያህል የምትጠብቁባቸውን ጊዜያት ጻፉ። ምን ስትሠሩ፣ ስንት ደቂቃ፣ በዚያን ጊዜ ታስክ ማናጀር ላይ የተጨናነቀው ምን ነበር። አንድ ነገር ግን ለዩ። ማታ አስጀምራችሁት ተኝታችሁ ጠዋት የምታገኙት ሬንደር አምስት ሰዓት ቢፈጅ ሦስት ሰዓት ለእናንተ ያው ነው። የሚቆጠረው ቁጭ ብላችሁ የጠበቃችሁት ነው፣ ወይም ደንበኛ ቆሞ የጠበቀው። እኔ የምጠቀምበት መስፈርት፣ ዋናው ሥራዬ ከሚፈጀው ጊዜ ላይ ቢያንስ ሲሶውን የማይቀንስ ፕሮሰሰር አልገዛም የሚል ነው። ከዚያ በታች ያለው ልዩነት በመለኪያ ይታያል፣ ለሰው ግን አይሰማም።

የቪዲዮ ሥራ ለብቻው ይነሳ፣ እዚህ ብዙ የሰርግ ቪዲዮ የምትሠሩ አላችሁና። አንድ ወዳጄ ከፍተኛ ዋጋ ያለው ባለ ብዙ ኮር ፕሮሰሰር ሊገዛ ነበር፣ ፕሪሚየር ላይ ታይምላይኑ እየተቆራረጠበት። ሲያጫውተው ሲፒዩው 100 በመቶ ይነካል፣ ስለዚህ ምክንያቱ ግልጽ መስሎት ነበር። ካሜራው የሚቀዳው ግን ባለ 10 ቢት 4:2:2 ኤች.265 ነበር። ይሄ ፎርማት ካርድ ላይ ቦታ ይቆጥባል እንጂ ለመፍታት እጅግ ከባድ ነው። የኢንቴል ዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች ከ11ኛው ትውልድ ጀምሮ በውስጣቸው ባለው ግራፊክስ በኩል ይሄንኑ ፎርማት በሃርድዌር ይፈቱታል፤ ኮሮቹ ሳይደክሙ። የግራፊክስ ካርድ አምራቹ ኤንቪዲያ ደግሞ ይሄን ያመጣው በ2025 ከአርቲኤክስ 50 ተከታታይ ጋር ነው። ስለዚህ ለዚህ ሰው አንድ መካከለኛ 12ኛ ትውልድ አይ 5፣ ያንን ክፍል ከሌለው ውድና ባለ ብዙ ኮር ፕሮሰሰር ይልቅ ታይምላይኑን ያለሰልስለታል። ግን ተጠንቀቁ፣ በኢንቴል መጨረሻው ላይ "ኤፍ" የሚል ፊደል ያለበት ፕሮሰሰር ግራፊክስ የለውም፣ ትንሽ ረከስ ያለበት ምክንያትም እሱ ነው። ለቪዲዮ ሥራ ያቺን ትንሽ ብር አትቆጥቡ።

ደግሞ ምንም ሳትገዙ የሚቻል አለ፤ ፕሮክሲ። ፕሪሚየርም ዳቪንቺ ሪዞልቭም የከበደውን ፋይል ወደ ቀላል ኮፒ ቀይረው በዚያ እንድትቆርጡ ያደርጓችኋል፣ መጨረሻ ላይ ኤክስፖርት ስታደርጉ ዋናውን ይወስዳሉ። ማታ ፕሮክሲውን እንዲሠራ ትታችሁት ብትሄዱ ጠዋት በአሮጌው ማሽን ላይ ሳይቆራረጥ ትቆርጣላችሁ። በወር አንድ ሁለት ሰርግ ለሚሠራ ሰው ይሄ ይበቃል ባይ ነኝ። በየሳምንቱ ለሚሠራ፣ ደንበኛ ለሚደውልበት ሰው ግን ማሽኑ ራሱን ይከፍላል፣ ይግዛ።

ጌም ላይ አጭር ነገር ብቻ ልበል። ጌሙን አስጀምሩና ሬዞሉሽኑን በጣም ዝቅ አድርጉት። በሰከንድ የሚታየው የፍሬም ብዛት ከጨመረ ያስቸገራችሁ ግራፊክስ ካርዱ ነበር። ካልጨመረ ፕሮሰሰሩ ነው። ሞኒተራችሁ 60 ኸርዝ ሆኖ ፍሬሙ ከ60 ካልወረደ ደግሞ መነካካትም አያስፈልግም።

አሁን መቀየር አለብኝ ብላችሁ ወሰናችሁ እንበል። ማዘርቦርዱ ምን ይቀበላል? ኢንቴል ሶኬቱን ቶሎ ቶሎ ነው የሚቀይረው። ሁለተኛና ሦስተኛ ትውልድ 1155፣ አራተኛው 1150፣ ስድስተኛና ሰባተኛው 1151። ስምንተኛና ዘጠነኛውም 1151 ይባላሉ፣ ነገር ግን ለስድስተኛ ትውልድ በተሠራ ቦርድ ላይ አይሠሩም። ስሙን ብቻ አይታችሁ አትግዙ። አሥረኛና አሥራ አንደኛ 1200፣ ከ12 እስከ 14 ደግሞ 1700። የኢንቴል ተፎካካሪ የሆነው ኤኤምዲ በዚህ በኩል ደግ ነበር። ኤኤም 4 በተባለው ሶኬት በ2017 ራይዘን 5 1600 የገዛ ሰው፣ ቦርዱ ከተፈቀደለት፣ እዚያው ላይ በ2022 የወጣውን ራይዘን 5 5600 ወይም ራይዘን 7 5800 ኤክስ 3ዲን መሰካት ይችላል። የ5800 ኤክስ 3ዲ ካሽ (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ፈጣን ማህደር) 96 ሜጋ ነው፣ ለጌም የተለየ ነገር አለው። ራሙን፣ ቦርዱን፣ ኬዙን ሳይነኩ እንዲህ ያለ ዝላይ ማግኘት፣ በእኔ እምነት ፕሮሰሰር ብቻውን ቀይሮ ከሚገኘው ሁሉ የተሻለው ይሄ ነው። ኤኤም 4 ቦርድ ያላችሁ፣ ሌላ ነገር ከመግዛታችሁ በፊት የቦርዳችሁን ሞዴል በአምራቹ ድረ ገጽ ላይ ፈልጉና የሚቀበለውን ዝርዝር አንብቡ።

ግን እዚህ አገር ላይ አንድ አደጋ አለ። አዲሱን ፕሮሰሰር ከመሰካታችሁ በፊት፣ አሮጌው እንዳለ፣ ባዮሱን ማሳደግ ግድ ነው። ባዮስ እየተጻፈ መብራት ከሄደ ቦርዱ ላይነሳ ይችላል። ስለዚህ ዩፒኤስ ላይ ሰክታችሁ ብቻ አድርጉት፣ ያውም ባትሪው የሚይዝ መሆኑን ቀድማችሁ ፈትናችሁ። ዩፒኤስ ከሌላችሁ ያለው ሰው ዘንድ ይዛችሁት ሂዱ። አንዳንድ ቦርዶች ከኋላ ባዮስን ከፍላሽ ላይ ብቻ መልሶ የሚጽፍ ቁልፍ አላቸው፣ እሱ ካላችሁ ሥጋቱ ይቀላል።

ሁለተኛው ጥንቃቄ አሮጌውን ስታወጡ ነው። የኤኤም 4 ፕሮሰሰር እግሮቹ ራሱ ላይ ናቸው፣ ከሺህ በላይ ቀጫጭን እግሮች። ፔስቱ ደርቆ ከማቀዝቀዣው ብረት ጋር ስለሚጣበቅ፣ ማቀዝቀዣውን ቀጥ አድርጋችሁ ከሳባችሁት ፕሮሰሰሩ ከተቆለፈው ሶኬት ተነቅሎ አብሮ ይወጣል፣ እግሩም ይጣመማል። መጀመሪያ ማሽኑን ለአሥር ደቂቃ ያህል አሠሩትና ይሙቅ፣ አጥፉት፣ ገመዱን ንቀሉ፣ ከዚያ ማቀዝቀዣውን ፈታችሁ ሳትስቡ ቀስ እያላችሁ ወደ ግራ ወደ ቀኝ አዙሩት። ሲለቅ በእጃችሁ ይሰማችኋል። ያኔ አንሱት።

የቢሮ ማሽን ያላችሁ ደግሞ ይሄን ስሙ። እነ ኦፕቲፕሌክስ 9020 ፓወር ሳፕላያቸው የራሳቸው ነው፣ ወደ ቦርዱ የሚገባው ሶኬት ሌላው ዓለም ከሚጠቀምበት ባለ 24 ፒን የተለየ ነው፣ ጉልበቱም ከ300 ዋት በታች። "ኬዙን ይዤ ቦርድና ፕሮሰሰር ብቻ ልቀይር" የሚለው ሐሳብ እዚህ ላይ ይሰናከላል። ቦርድ ስትቀይሩ ፓወር ሳፕላይ፣ ፓወር ሳፕላይ ስትቀይሩ ኬዝ፣ አዲሱ ቦርድ ዲዲአር 5 የተባለውን አዲሱን የራም ዓይነት የሚወስድ ከሆነ ራም። ፕሮሰሰር ብቻ ሊገዛ የወጣ ሰው ሙሉ ኮምፒውተር ገዝቶ ይመለሳል። ከ2025 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ የራም ዋጋ በዓለም ገበያ በጣም ወጥቷል፣ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠሩት ትልልቅ ማዕከሎች ምርቱን እየወሰዱት ነው። ስለዚህ ስታወዳድሩ የፕሮሰሰሩን ዋጋ ብቻ ሳይሆን አብሮት የሚመጣውን ሁሉ ደምሩ።

ዊንዶውስም አለ። ማይክሮሶፍት የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ በኦክቶበር 14፣ 2025 አቁሟል። ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚቀበለው ከኢንቴል በአብዛኛው ከስምንተኛ ትውልድ፣ ከራይዘን ደግሞ ከ2000 ተከታታይ ሞዴሎች ጀምሮ ነው። አራተኛ ትውልድ አይ 5ን በአራተኛ ትውልድ አይ 7 የሚተካ ሰው በዚህ በኩል አንድም እርምጃ አልሄደም። እኔ ለዚያ ማሽን ዛሬ ፕሮሰሰር ግዙ ብዬ አልመክርም፣ በጣም በርካሽ ካላገኛችሁትና ሬንደር ካልሆነ ሥራችሁ።

ያገለገለ 13ኛ ወይም 14ኛ ትውልድ ኢንቴል ሲቀርብላችሁ ደግሞ ጠይቁ። ከፍ ያሉት ሞዴሎች ላይ ፕሮሰሰሩ ከሚገባው በላይ ቮልቴጅ እየጠየቀ እየተጎዳ እንደነበር በ2024 ኢንቴል አምኗል፣ ማስተካከያ ማይክሮኮድም አውጥቷል፣ ዋስትናውንም በሁለት ዓመት አራዝሟል። ማስተካከያው ወደፊት ይከላከላል እንጂ የተጎዳውን አይመልስም። የቀድሞው ባለቤት ባዮሱን መቼ እንዳሳደገ ካላወቃችሁ 12ኛውን ትውልድ ምረጡ፣ ይሄ ችግር እሱን አልነካውም።

አንድ ጥያቄ ከመሐል መጥቶልኛል። አርክቴክቸር የምታጠና ተማሪ ናት፣ ኤሊትዴስክ 800 ጂ 2 አላት፣ ትንሹ ሳይሆን ታወሩ፣ አይ 5-6500፣ 8 ጊጋ ራም፣ ሀርድ ዲስክ። አርኪካድና ሉሚየን ነው የምትጠቀመው፤ "አይ 7-6700 ላስገባ ወይ?" ነው የምትለው።

እህቴ፣ ይገባልሻል፣ ሶኬቱ አንድ ነው። ግን አሁን አትግዢው። ሉሚየን ግራፊክስ ካርድ ነው የሚፈልገው፣ አይ 7ቱ እሱን አይሰጥሽም። ስድስተኛ ትውልድ ስለሆነም ለዊንዶውስ 11 በይፋ አይቆጠርም። ያለሽ ብር ኤስኤስዲና ራም ላይ ይዋል። ራሙን ስትገዢ ደግሞ ሁለት ባለ 8 ጊጋ፣ 3200 የሚል ዲዲአር 4 ፈልጊ። ያንቺ ማሽን ዲዲአር 4 ነው የሚወስደው፣ 3200ውን ዝቅ አድርጎ በ2133 ያሠራዋል፣ ግን ይሠራል። ነገ ብር ስታገኚ 12ኛ ትውልድ አይ 5-12400 ዲዲአር 4 ከሚቀበል ባለ 1700 ቦርድ ጋር ትገዢያለሽ፣ ያኔ ራሙም ኤስኤስዲውም ተነቅለው ወደ አዲሱ ይዞራሉ። ግራፊክስ ካርዱን ከዚያ በኋላ አስቢበት፣ አዲሱ ፓወር ሳፕላይ ስንት ዋት እንደሆነ ካወቅሽ በኋላ።